አምስት ትሪ፣ አምስት ደረሰኝ፦ የአንድ የደሴ ምሳ ቤት ግምገማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በቅርቡ የተከፈተው ይህ ምሳ ቤት ሥጋ የሚባል ነገር ወደ ጓዳው አያስገባም። የሚሠራው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ስለሆነ፣ እንደ እኛ ሁለት ሙስሊምና ሦስት ክርስቲያን ሆነው የሚሠሩ ባልደረቦች «የማን ሥጋ ቤት እንሂድ?» ሳይባባሉ ገብተው አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። ወሎ ውስጥ ለምሳ የወጣ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከአቀራረቡ ነው። ምግቡ ለእያንዳንዱ ሰው በትንሽ ትሪ ለየብቻ ይመጣል፤ «አንድ ላይ አድርጉልን» ብንልም አስተናጋጁ የቤቱ ሥርዓት እንደማይፈቅድ በትሕትና ነገረን። ምስሩ ውሃ በዝቶበታል፤ ሽሮው ግን በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የመጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ያልተሰሰተበት ነበር። ጣዕሙ የገረማት ባልደረባችን ጠቅልላ በሁለት ትሪ ላይ እጇን አሻግራ ስታጎርሰኝ፣ ጉርሻው መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ የመካከለኛውን ሰው ሸሚዝ አበላሸ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ከሁሉም ትሪ መቁረስ ጀመረና የቤቱ ሥርዓት በአሥር ደቂቃ ፈረሰ።

ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ኼርት ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከኮምፒውተር ኩባንያው አይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ ባዘጋጀው የግለኝነት መለኪያ (ቁጥሩ ከፍ ሲል ግለኝነቱ ይበረታል)፣ አሜሪካ 91፣ የራሱ አገር 80፣ ኢትዮጵያ የተካተተችበት የምሥራቅ አፍሪካ ምድብ ደግሞ 27 አግኝተዋል። ቁጥሩ የአገር አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ጠባይ መለኪያ አይደለም፤ የምሳ ቤቱ ባለቤት ግን የገባውን ሁሉ 91 አድርጎ የሚቆጥር ይመስላል።

ይሁንና ትንሿ ትሪ የምትመቸው ሰው አለ። ከጎናችን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ብቻውን ይበላ ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ባደግንበት አገር፣ ለአንድ ሰው በልኩ የቀረበ ምሳ ከብዙ ዐይን ያድናል። «እንብላ» አልነው፣ «ብሉ» አለን። ጥቂት ቆይቶ ከእኛ አንዱ ወንበር ሲያጣ፣ ሾፌሩ ጃኬቱን ያኖረበትን ወንበር ሳያስፈቅድ ሳበው፤ ማናችንም ምንም አላልንም። የቡድን ባህል የራስን ወገን ከባዳ አጥብቆ እንደሚለይ አጥኚዎች የሚያነሡት እንዲህ ያለውን ነው፤ እኛ ግን ራሳችንን ስናየው ቸርነት ብቻ ይመስለናል።

ሒሳቡ በአምስት ወረቀት መጣ፤ እያንዳንዱ 160 ብር። በዕድሜ የሚበልጡን ባልደረባችን አምስቱንም ነጥቀው «እናቴን፣ ማንም አይከፍልም» አሉ። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ማጠቃለል ስለማይቻል አምስት ጊዜ በቴሌብር እንዲልኩ ጠየቃቸው፣ ከኋላችንም ሰልፍ ተሠራ። የደሴ ሰው ለቅሬው፣ ማለትም ለዕድሩ፣ በየወሩ የሚያዋጣው ነገ በተራው ቤቱ ሰው እንደሚሞላለት ስለሚያውቅ ነው፤ የምሳ ግብዣም የሚዞረው በዚሁ ስሌት ስለሆነ፣ ሒሳቡን ለየብቻ መቁረጥ ማንንም ከዕዳ አያድንም።

ባለቤቱ ትንሿን ትሪ ለብቻው ለሚመጣ ሰው ይተዋትና ለሚጠይቅ ትልቅ ትሪ ያቅርብ፤ ምስሩንም ያወፍረው። በሚቀጥለው ሳምንት የመክፈሉ ተራ የእኔ ስለሆነ፣ ስንወጣ ገንዘብ ያዡን አንድ ደረሰኝ እንዲያዘጋጅልኝ ለምኜዋለሁ። «አለቃዬን ልጠይቅ» ብሎኛል።