ሰኞ ገበያ አካባቢ ላለችው «የኮፒዋ ልጅ»

ሰላም የደሴ ልጆች። የተማሪ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ይዛችሁ የት እናሳትም ለምትሉ አንድ ኮፒ ቤት ልጠቁማችሁ፤ በዚያውም ለዓመታት በሆዴ የያዝኩትን ምስጋና ላውጣው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ ልጄ 7ኛ ክፍል ነበረች። በአገሩ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ቤት ዋለ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። እኔ ለሆቴል እንጀራ ጋግሬ የማስረክብ ሴት ነኝ፤ ሆቴሉን ያኔ ሰው ራቀውና ትዕዛዙ ቀረብኝ። ቤታችን የነበረችው ስልክ ባለ ቁልፏ፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረችው ናት። ቴሌግራም ከየት ይምጣ? በአንድ ግቢ የምንኖረው የጎረቤቴ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ወርክሺቱ በአባቱ ስልክ ይገባለታል፣ ሠርቶ ፎቶ አንስቶ ይልካል። የእኔዋ በር ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ከአንድ ቧንቧ የሚቀዱ ልጆች እኮ ናቸው!

አንድ ቀን መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ገብቼ ይህንኑ ሳወራ የኮፒዋ ልጅ «እትዬ፣ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለችኝ። በማግስቱ የ7ኛ ክፍል ሂሳብና ሳይንስ አትማ ጠበቀችኝ። ሌሊት፣ ፓኬጅ ሲረክስ ነው ያወረደችው። ወረቀት እንዳይፈጅ ሁለት ገጽ በአንድ ፊት አጥባ፣ ጀርባውንም ሳትተው። ክፍያውን ዱቤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ለካ እኔ ብቻ አልነበርኩም። አንዱን ጥራዝ ለሦስት ቤት ታዞራለች፤ የካርቶን ሽፋኑ ላይ የተረካቢዎቹ ስም፣ ከሥሩ «እስክሪብቶ አታስነኩት፣ ደብተር ላይ ሥሩ» የሚል አለበት። ከኩታበር ለገበያ የሚመጣ አንድ አባት ከአህያው ጭነት መሐል ወረቀት ሸጉጦ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን መቶኛ አልገባ ሲላት ደግሞ ከወረቀት እሽጉ ላይ 100 ቅጠል ቆጥራ፣ 25ቱን ለብቻ አድርጋ ያስረዳቻት እሷ ናት፤ ያውም ሰው ተሰልፎ። (ይህ አመሏ ዛሬም አለ። ከቸኮላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።)

በ2013 ትምህርት ቤት ሲከፈት ያለፈውን ለማካካስ የተሰጠው 45 ቀን ነበር። ልጄ ሙሉ ደብተር ይዛ ገባች።

በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሱቋ ባዶ ቀረ። በብድር ባመጣቻት አንድ ማሽን ነው እንደገና የጀመረችው። ዘንድሮ ለታናሽየው 9ኛ ክፍል የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በፒዲኤፍ ይዤላት ሄድኩ። ጽሑፉ የጠራ፣ ስፓይራሉ የማይላቀቅ ነው፤ የደበዘዘ ገጽ ካገኛችሁ ያለ ክፍያ ትቀይራለች። ዋጋዋ ከሌላው ብዙም አያንስም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን አቅም የሌለው ወላጅ ከመጣ እንደ ድሮው ለሦስት ቤት አንድ ጥራዝ ታዘጋጃለች።

ስሟን እንድጽፍ አልፈቀደችም። «የኮፒዋ ልጅ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰፈሩ ያሳያችኋል። መብራት ሳይሄድ ከጠዋት ሂዱ፤ ሰኞ ግን ገበያተኛ ስለሚበዛ ይቅርባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዱቤ ደብተሯ ከሱቁ ዕቃ ጋር ጠፍቷል፣ ማን ስንት እንዳለበት አታውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። እኔ የነበረብኝን 85 ብር ባለፈው ሳምንት ከፍያለሁ፤ ያኔ ወረቀት የወሰዳችሁ ብቅ በሉ።