ለምጣድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለማንቆርቆሪያ የትኛው ሶኬት ይሻላል?

የኩሽናው ሶኬት ሲጠቁር ሱቅ ሄዶ ያንኑ ዓይነት ገዝቶ መመለስ የተለመደ ነው። ሶኬቱ የጠቆረው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ከሆነ ግን አዲሱም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ አስቀድመው ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብቡና ለ220 (ለቤት መስመሩ ቮልት) ያካፍሉት፤ አምፔሩ ይወጣል። 2000 ዋት ማንቆርቆሪያ 9 አምፔር ገደማ፣ ውኃ የሚያሞቅ 2200 ዋት ልብስ ማጠቢያ 10፣ 3800 ዋት የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ17 በላይ ይስባል። የሚሠራበት ጊዜም ይታሰብ። ማንቆርቆሪያው በደቂቃዎች ይጠፋል፤ ምጣዱ ግን ሊጡ እስኪያልቅ ይነዳል፣ ሶኬት የሚቀልጠውም ያኔ ነው።

ምድር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የሌለው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ለስልክ ቻርጀርና ለሬዲዮ ይበቃል። ውኃ ባለበት ክፍል ግን አይግባ።

ጎድጓዳው ክብ 16 አምፔር፣ ጎንና ጎኑ ላይ የምድር ምላስ ያለው፣ ለማጠቢያ፣ ለፍሪጅ፣ ለማይክሮዌቭና ለማንቆርቆሪያ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ስፒናው ጠልቆ ስለሚገባ አይንገዳገድም። ለልብስ ማጠቢያ ሲሆን ክዳን ያለውንና አይፒ44 (የውኃ ፍንጣቂ የሚከላከል ማለት ነው) የተጻፈበትን ይግዙ።

ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ የእንግሊዝ ሶኬት 13 አምፔር ነው። ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ ዕቃ ላመጣ ሰው ስፒና ከመቁረጥ ይገላግላል፤ ስፒናው ውስጥ ፊውዝ መኖሩም ጥሩ ነው። ጣጣው ክብ ስፒና ሲመጣ ነው፦ የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ከፍቶ መሰካት ዕቃውን ያለ ምድር ማስነሳት ነው። (ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ዕቃን ሶኬት መቀየር አያድነውም፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል።)

ሁሉንም የሚቀበለው “ዩኒቨርሳል” ሶኬት ደግሞ ሲያዩት ብልህ ግዢ ይመስላል። ውስጡ ያለው መዳብ ክቡንም ጠፍጣፋውንም እንዲቀበል ስለተሠራ አንዱንም አጥብቆ አይዝም። ክቡ ስፒና ምድሩ በጎኑ በኩል ስለሆነ እዚህ ሶኬት ላይ የሚነካው ነገር የለም፤ ማጠቢያዎ ይሠራል፣ ምድር ግን የለውም። የላላ ግንኙነት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ይታይ፦ 0.1 ኦም ብቻ በሆነ መጥፎ ንክኪ 17 አምፔር ሲያልፍ ወደ 29 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት መሣሪያ ያህል ነው፣ ያውም ፕላስቲክ ውስጥ። ለኩሽና አንመክረውም።

ታዲያ ምጣዱስ? ከላይ ያሉት ሁሉ አይሆኑትም። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የተሳበ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ሽቦ፣ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር፣ ምጣዱ አጠገብ ደግሞ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ የሚቆርጥ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግለት፤ የምጣዱ ገመድም ያለ ስፒና በቀጥታ እዚያ ይታሰር። ምጣዱን እያነሱ የሚያስቀምጡ ከሆነ ሰማያዊውን ባለ 32 አምፔር የኢንዱስትሪ ሶኬት ከነስፒናው ይግዙ። መልኩ አያምርም፣ ግን ይችላል። ገንዘብ የሚያንስ ከሆነ ከሌላው ሶኬት ቀንሰው እዚህ ላይ ያውሉት።

ሶኬቱን ሲቀይሩ ብሬከሩን ያጥፉና በቴስተር ያረጋግጡ፤ ቴስተሩን ግን አስቀድመው ኃይል ባለበት ቦታ ይሞክሩት። አሮጌው ሲወጣ የሽቦውን ውፍረት ይዩ። 1.5 ካሬ ከሆነ 16 አምፔር የሚል ሶኬት ቢገጥሙም መስመሩ አልተለወጠም፤ በ16 አምፔር ብሬከር 2.5 ካሬ መሳብ አለበት። ጫፉ የጠቆረውን ሽቦ እስከ ንጹሑ ድረስ ይቁረጡ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጡ፣ በካቻቢቴ ያጥብቁና እያንዳንዱን ሳብ አድርገው ይፈትኑ። ቡናማው ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴና ቢጫው ምድር ነው፤ በቆየ ቤት ግን ቀለሙን አይመኑ።

ቤቱ የምድር ሽቦ ከሌለው የሶኬቱን ምድር ከኒውትራል ጋር የሚያገናኝ ሠራተኛ ያጋጥማል። ይህን አይፍቀዱ። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የማጠቢያው ብረት አካል በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። የምድር ዘንግ ይተከል፣ ለማጠቢያው መስመርም 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ አርሲዲ ይግባ።

ከገጠሙ በኋላ ዕቃውን ግማሽ ሰዓት ያሠሩትና ያጥፉት፤ ወዲያው ስፒናውን ነቅለው ይዳስሱት። ለብ ካለ ምንም አይደል። እጅ የማያስይዝ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል ወይም ሶኬቱ አይመጥነውም፤ ሳይታይ እንደገና አይሰኩት።