ከ14 ወር በኋላ፦ ባለ 22 ኪሎዋት ኢንቨርተርና አይ ኢ 3 ሞተር በአዳማ የዱቄት ፋብሪካ

ይህ ግምገማ የሁለት ዕቃዎች ነው፤ የአንድ ባለ 22 ኪሎዋት ኢንቨርተር (ኸርዙን በመለወጥ የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) እና አብሮት የተገዛው አይ ኢ 3 (ብቃቱ ከአይ ኢ 1 እና 2 ከፍ ያለ ደረጃ) ሞተር። ሁለቱም አዳማ በሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ የአቧራ መምጠጫውን ፋን ማዞር ከጀመሩ 14 ወር ሞላቸው። በቀን 16 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ይሠራሉ። ማርካቸውን አንጠቅስም፤ እዚህ የምንለው አብዛኛው ነገር ገበያ ላይ ላለ ለማንኛውም የዚህ ዓይነት ዕቃ ይሆናልና።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ኢንቨርተሩን ደግመን እንገዛዋለን። ሞተሩን ግን አሮጌው ደህና እየሠራ ለመቆጠብ ብቻ ብለን አንገዛውም ነበር፤ አሮጌው ሲቃጠል ግን ከአይ ኢ 3 በታች አናስገባም።

ቁጠባው ከየት መጣ

ኢንቨርተር በራሱ ኮረንቲ አይቆጥብም። እንዲያውም ከሚያልፍበት ኃይል ወደ 3 በመቶ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሚቆጥበው ፋኑ በዝግታ እንዲዞር ስለሚያደርግ ነው። ቀደም ሲል ፋኑ በስታር ዴልታ (ሞተርን በሁለት ደረጃ በሚያስነሣ የሽቦ አሠራር) ተነሥቶ በ50 ኸርዝ ሙሉ ፍጥነት ይዞር ነበር፤ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ዳምፐሩን (የቱቦውን የአየር መዝጊያ) ገርበብ አድርጎ መዝጋት ነበር መፍትሔው። ዳምፐሩ አየሩን ይቀንሳል፤ ሞተሩ የሚጎትተውን ኃይል ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ዳምፐሩ እንደዚያ ተዘግቶ ቆጣሪው 17 ኪሎዋት ያሳይ ነበር። አሁን ዳምፐሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ፋኑ በ41 ኸርዝ እየዞረ፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ተጨምሮ 11 ኪሎዋት ያሳያል። የአየሩ መጠን ያው ነው።

ምክንያቱ የፋን ሕግ ነው። አየሩ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይቀንሳል፣ ግፊቱ በካሬ፣ ኃይሉ ደግሞ በኩብ። 41 ለ50 ሲካፈል 0.82 ነው፤ የ0.82 ኩብ 0.55 ነው። ዳምፐሩ ተከፍቶ በ50 ኸርዝ 19.5 ኪሎዋት የሚጎትት ፋን በ41 ኸርዝ ከ11 በታች የሚወርደው በዚህ ስሌት ነው። በወር 416 ሰዓት ሲባዛ የ6 ኪሎዋቱ ልዩነት ወደ 2,500 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። በየራሳችሁ ታሪፍ አባዙት፤ ቢላችሁ ላይ የዲማንድ ክፍያ (በወሩ ለተደረሰበት ከፍተኛ ኃይል የሚከፈል) ካለ እሱንም አትርሱ።

እንግዲያው ለምን 35 ኸርዝ ላይ አልወረደም? ቱቦው ውስጥ የሚሄደው አየር ዱቄቱን ተሸክሞ መድረስ አለበት። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ18 ሜትር በታች ሲወርድ አቧራው አግድም በተዘረጉት ቱቦዎች ወለል ላይ መጋገር ይጀምራል። ዱቄት በቱቦ ውስጥ ሲጠራቀም ክብደት ብቻ አይደለም፤ ለፍንዳታ የተዘጋጀ ነዳጅ ነው። ኮረንቲ ለመቆጠብ ሲባል እዚህ ላይ መቀለድ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው የአየሩ ፍጥነት ነው፤ ኸርዙ ከዚያ በኋላ ይወሰናል።

ልኬቱ በፒቶ ቱቦ (የሚሄደውን አየር ግፊት በሚያነብ ቀጭን ቱቦ፤ ፍጥነቱ ከግፊቱ ይሰላል) ነው፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። መጻሕፍቱ የሚሰጡት የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎግራም ሲሆን፣ እዚህ በሞቃት ቀን 0.98 አካባቢ ነው። በ41 ኸርዝ ፒቶው 175 ፓስካል ያነባል። በ1.2 ብታሰሉት በሰከንድ 17 ሜትር ይመጣና «አነሰ» ብላችሁ ፍጥነት ትጨምራላችሁ። በ0.98 ሲሰላ ግን 18.9 ሜትር ነው። ሁለት ሜትር የሚጠጋው ይህ ልዩነት በኸርዝ አራት፣ በኃይል ደግሞ ብዙ ነው።

ስለ ሞተሩ

በአይኢሲ 60034-30-1 ደረጃ፣ ባለ 22 ኪሎዋት ባለ አራት ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ አይ ኢ 1 ከሆነ ብቃቱ 89.9፣ አይ ኢ 3 ከሆነ 93.0 በመቶ ነው። ከላይ ካልነው የ6 ኪሎዋት ቁጠባ ውስጥ የሞተሩ ድርሻ ከግማሽ ኪሎዋት አይበልጥም።

ሻጮች የማይናገሩት ደግሞ ይኸ ነው። ብቃቱ ከፍ ያለ ሞተር ስሊፑ (ኸርዙ ከሚሰጠው ፍጥነት ወደ ኋላ የሚቀርበት መጠን) አነስተኛ ስለሆነ በትንሹ ፈጥኖ ይዞራል። የአሮጌው ፕሌት (የሞተሩ መግለጫ ሰሌዳ) 1,455 ዙር በደቂቃ ይላል፤ የአዲሱ 1,475። ፋን ላይ ይህች 20 ዙር በኩብ ስትሰላ 4 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ትጠይቃለች። የብቃቱ ትርፍ 3.4 በመቶ ነበር፤ እሱን በልታ ታልፋለች። አይ ኢ 3 ሞተር ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ፋን ላይ የምትገጥሙ ከሆነ የሞተሩን ፑሌጃ በዚያው ልክ አሳንሱት። ይህን ያላደረገ ሰው በወሩ መጨረሻ ቢሉን አይቶ ሞተሩን ይወቅሳል። ኢንቨርተር ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ኸርዙን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

አሮጌውን ሞተር አልጣልነውም፤ ተጠምጥሞ በመለዋወጫነት ተቀምጧል። ሞተር ስታስጠመጥሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ አሮጌው ሽቦ የሚወጣው እንዴት ነው? በክፍት እሳት አቃጥለው የሚያወጡ ከሆነ በላሜራዎቹ (በሞተሩ እምብርት ስስ ብረቶች) መካከል ያለው ሽፋን ይቃጠልና ሞተሩ ያለ ጭነትም ይሞቃል። ሙቀቱ በሚቆጣጠሩት ምድጃ፣ ወደ 370 ዲግሪ አካባቢ፣ ከተሠራና የሽቦው ውፍረትና የዙሩ ብዛት ካልተለወጠ ብቃቱ ብዙም አይጎዳም።

ገጠማው

የኢንቨርተሩ ካታሎግ 45 አምፔር ይላል። ግን ይህ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀነሳል። ስለዚህ አዳማ ላይ 45ቱ ወደ 42 ይወርዳል። የሞተሩ ፕሌት 41 አምፔር ስለሆነ ትርፉ አንድ አምፔር ብቻ ነው፤ ኳድሮው (ኢንቨርተሩ የተቀመጠበት ሳጥን) ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሞቀ እሱም የለም። እኛ ጋ ችግር ያልሆነው ፋኑ በ41 ኸርዝ ስለሚሠራ ነው። በ50 ኸርዝ ሙሉ ጭነት የሚሠራ ከሆነ ባለ 30 ኪሎዋቱን ግዙ። ሐዋሳም ያላችሁ ከፍታው ተመሳሳይ ስለሆነ ስሌቱ ያው ነው።

ኢንቨርተሩ አይፒ 20 ነው፤ ማለትም ከአቧራ መከላከያ የለውም። ወፍጮው ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም። ግድግዳ በለየው ክፍል፣ በተዘጋ ኳድሮ ውስጥ ነው ያለው። ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 600 ዋት ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ከክፍሉ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር በሰዓት 186 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል፤ ለስስ አየር ሲታረም ወደ 230። የማቀዝቀዣውን ፋን ስትመርጡ ይህ ቁጥር ማጣሪያው ከተገጠመ በኋላ መገኘት ያለበት ነው።

በሽቦው ሥራ ሦስት ነገሮች ሕይወትና ሞት ናቸው። አንደኛ፣ ከአሮጌው ስታር ዴልታ የቀሩት ኮንታክተሮች (በኮረንቲ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ከኢንቨርተሩና ከሞተሩ መካከል ይውጡ፤ ፕሌቱ 400/690 የሚል ሞተር በቋሚነት ዴልታ ይታሰር። በስታር ከተተወ አቅሙ ወደ ሲሶ ይወርድና ኢንቨርተሩ በኦቨርሎድ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ላይ የታሰረ ካፓሲተር ካለ ይፈታ። ኢንቨርተር መውጫ ላይ ካፓሲተር ማሰር ትራንዚስተሮቹን ያቃጥላል፤ ዋስትናም አያድንም። ሦስተኛ፣ መብራት ጠፍቶም ቢሆን ውስጡ ከ540 ቮልት በላይ ዲሲ ይቆያል። ብሬከሩ ከወረደ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያም በዲሲ ፕላስና ማይነስ ተርሚናሎች ላይ በቴስተር ለኩ፤ ወደ ዜሮ መውረዱ እስኪለካ ድረስ እጅ አይገባም።

ከመግቢያው በፊት ቾክ (በብረት ላይ የተጠመጠመ የሽቦ ጥቅልል) አስገቡ። ዋጋው ከኢንቨርተሩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የኮረንቲውን መዛባት በግልጽ ይቀንሳል፣ ከመስመሩ የሚመጣውንም ድንገተኛ የቮልት ምት ያለዝባል። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኬብል ባለ ሺልድ (ዙሪያውን በብረት መረብ የተሸፈነ) ይሁን፤ ሺልዱም በሁለቱም ጫፍ ከኧርዝ ጋር ይታሰር። ርዝመቱ ከ50 ሜትር ካለፈ መውጫው ላይ ፊልተር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚደርሰው የቮልት ጫፍ ከ1,000 አልፎ አሮጌ ጥቅልል ይበሳል።

አሁን ያለው የኢንቨርተሩ አሞላል (ሴቲንግ)፦

– የቮልትና የኸርዝ ከርቭ፦ የፋን (የካሬ)
– ዝቅተኛ 39፣ ከፍተኛ 50 ኸርዝ
– መነሻ 40 ሰከንድ፣ ማቆሚያ በነፃ መንሸራተት
– ካሪየር (ትራንዚስተሮቹ የሚበሩበትና የሚጠፉበት ፍጥነት) 4 ኪሎኸርዝ
– እየዞረ ያለን ፋን መያዝ፦ በርቷል
– ራሱን መልሶ ማስነሣት፦ ጠፍቷል

ምን ተበላሸ፣ ለምን

በመጀመሪያው ሳምንት ፋኑ በቆመ ቁጥር «ኦቨር ቮልቴጅ» እያለ ይወድቅ ነበር። የማቆሚያው ጊዜ ከፋብሪካ እንደመጣ 10 ሰከንድ ነበር። ከባድ ፋን በ10 ሰከንድ ሲጎተት ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ኃይሉን ወደ ኢንቨርተሩ ይመልሳል። ብሬኪንግ ሬዚስተር መግዛት አያስፈልግም፤ ፋኑ በነፃ ተንሸራትቶ እንዲቆም ማድረግ በቂ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የመብራት መቆራረጥ ነው። መብራቱ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሄዶ ሲመለስ ኦፕሬተሩ ወዲያው ያስነሣዋል፤ ፋኑ ግን ገና እየዞረ ነው። ኢንቨርተሩ ከዜሮ ኸርዝ ሲጀምር ይጋጩና «ኦቨር ከረንት» ይላል። እየዞረ ያለን ፋን የመያዝ ተግባር ሲበራ ይህ ሙሉ በሙሉ ቀረ። ራሱን መልሶ የማስነሣት ተግባር ግን ሆን ተብሎ የጠፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ቺንጋ ሊያይ ሽፋኑን የሚከፍት ሰው አይጠፋም፤ የሰው ጣት ከአሥር ደቂቃ ምርት ይበልጣል።

ትልቁ ራስ ምታት ሙቀት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ኢንቨርተሩ አራት ጊዜ በሙቀት ቆሟል፤ አራቱም ጊዜ የኳድሮው ማጣሪያ ተደፍኖ ነበር። የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ 51 እና 153 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫዎች የተተከሉትም ለዚሁ ነው። ያው ነፋስ የውጭውን አቧራ ይዞ ይገባል፤ የዱቄቱ ብናኝ ሲጨመርበት ማጣሪያው እንደ ሊጥ ይጋገራል። አሁን በየሰኞው ይወጣል፣ ይራገፋል፣ በየወሩ ይቀየራል። የውስጡ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) በየሦስት ወሩ መብራቱ ተቋርጦ ይጸዳል፤ በደረቅና ዝቅተኛ ግፊት ባለው አየር። ከኮምፕሬሰሩ በቀጥታ ከነውሃው መንፋት ግን ካርዱን ያበላሻል።

34 ኸርዝ አካባቢ ፋኑ ከነመቀመጫው ይንቀጠቀጣል። የምንሠራበት ፍጥነት ስላልሆነ አያሳስብም፤ ሲነሣ በፍጥነት ያልፈዋል። የእናንተ ከሥራው ፍጥነት ጋር ከገጠመ የሚዘለል ኸርዝ አሞላል አለ፤ ከዚያ በፊት ግን የመቀመጫውን ቡሎኖች ፈትሹ።

ኩሽኔታው እስካሁን ደህና ነው። በኢንቨርተር የሚዞር ሞተር በዘንጉ በኩል ኮረንቲ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ የኩሽኔታው ቀለበት ላይ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ የተደረደሩ መስመሮች ይወጣሉ፣ ድምፁም ወደ ጩኸት ይለወጣል። ካሪየሩን ወደ 8 ከፍ ማድረግ የሞተሩን ፉጨት ይቀንሳል፤ ግን ኢንቨርተሩን ያሞቃል፣ ለኩሽኔታውም አይበጅም። ፉጨቱን ታገሡት።

ስለ መለኪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ርካሽ ክላምፕ ሜትር በኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ የሚያነበው ስህተት ነው፤ ሞገዱ የተዛባ ስለሆነ ትሩ አርኤምኤስ የሚል መለኪያ ያስፈልጋል። መውጫው ላይ ደግሞ ተራ ቴስተር የሚያሳየውን ቮልት አትመኑ። ቁጠባውን ለማረጋገጥ ከኢንቨርተሩ በፊት የተገጠመ የኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪ ከሁሉም ይሻላል።

የት አይገጠምም

ይኸው ኢንቨርተር የወፍጮው ሮለር፣ የእህል ኤሌቬተር ወይም ስክሩ ላይ ቢገጠም ያን ያህል አይቆጥብም። እነዚህ ጭነታቸው ከፍጥነቱ ጋር በኩብ አይወርድም፤ ፍጥነታቸው ሲቀንስ ምርቱም አብሮ ይቀንሳል። እዚያ ላይ የሚጠቅመው ሞተሩ በሚቀጥለው ሲቃጠል በልኩ መምረጥ፣ ቺንጋውን ማጥበቅና በሦስቱ መስመሮች መካከል ያለውን ቮልት ማስተካከል ነው። ቮልቱ በ3 በመቶ ከተዛባ የሞተሩ ሙቀት ጭማሪ ወደ 18 በመቶ ይደርሳል፤ ለመለካት ግን ቴስተርና አምስት ደቂቃ ይበቃሉ። ፋን፣ የውሃ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ማማ ላይ ደግሞ ዳምፐር ወይም ቫልቭ ገርበብ ብሎ የምታዩበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት ነው።

መለዋወጫ ኢንቨርተር ገዝታችሁ መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ቀኑን ጻፉ። ከዓመት በላይ ኮረንቲ ያላገኘ ኢንቨርተር በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስለሚደክሙ በድንገት ሙሉ ቮልት ሲለቀቅበት ሊፈነዱ ይችላሉ። በዓመት አንዴ ያለ ሞተር ለጥቂት ሰዓት መብራት ይሰጠው፤ ከዚያ በላይ የቆየውን ደግሞ በቫሪያክ (ቮልቱ በእጅ በሚለዋወጥ ትራንስፎርመር) ቮልቱን ቀስ እያሉ ከፍ በማድረግ ነው የሚቀሰቅሱት።