ራም ልጨምር፣ ኤስኤስዲ ላስገባ ወይስ ላፕቶፕ ልቀይር?

ላፕቶፕ መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት «ራም ይጨመርበት» ወይም «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማቱ ለጥቂት ጊዜ ያስደስታል። ራሙም፣ ማለትም ክፍት ያለውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ፣ አንዳንዴ ልክ ነው። ዕድሜ በጠገቡ ማሽኖች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዲስክ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማሽኑን ራሱን ጠይቁት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡና እንደ ወትሮው ሥሩ። ስታክ ሲያደርግ ቁጥሮቹን እዩ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ሜሞሪው ግማሽ ከሆነ፣ ራም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሜሞሪው 90ን ካለፈ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱም አብረው ከሞሉ ግን አትቸኩሉ። ራም ሲጠብበው ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ስለሚያወርድ፣ የዲስኩ ጭንቀት ከራሙ የመጣ ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች እዚያው ገጽ ላይ ዲስኩ ኤችዲዲ (የተለመደው ሃርድ ዲስክ) ይሁን ኤስኤስዲ (በቺፕ የሚሠራው ፈጣኑ) ይጽፋሉ። ኤችዲዲ ካለ ምርጫው ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ኤስኤስዲ ነው።

ኤስኤስዲ

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሃን ነው። የሚያነበው ጭንቅላት እየተመላለሰ ፋይሉን ይፈልጋል፤ በሰከንድ መቶ ያህል ፍለጋ ቢችል ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚጠይቀው በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ይህንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይሠራዋል። ልዩነቱ ማሽኑን ከከፈታችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ይታያል።

የሳታ ይሁን የኤንቪኤምኢ? ሁለቱም ኤስኤስዲው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ናቸው። ሳታው በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ኤንቪኤምኢው 3500ንም ያልፋል። ወረቀት ላይ ሰማይና ምድር ናቸው። ብሮውዘርና ወርድ ለሚጠቀም ሰው ግን ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም፤ ከባድ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ይሰማል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ምርጫም የላችሁም፤ ባለ 2.5 ኢንቹ ቦታ የሚቀበለው ሳታን ብቻ ነው። የኤም.2 ማስገቢያ (ለቀጭን፣ ካርድ መሰል ኤስኤስዲ የሚሆን) ካለ ደግሞ የትኛውን እንደሚቀበል ከማሽኑ ሞዴል አረጋግጡ። ሁለቱም መልካቸው ይመሳሰላል፣ ገብቶ ግን የማይሠራ አለ።

ራም

ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት መሄድ በግልጽ ይታወቃል። ከ8 ወደ 16 መሄድ ታብ ከፍቶ መዝጋት ለማይወድ ሰው ያዋጣል። ከዚያ በላይ ለቢሮ ሥራ ብዙም ትርጉም የለውም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የራም ትውልዶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፣ ጠርዙ ላይ ያለው ቆረጣ ራሱ ቦታው ይለያያል። ከዲዲአር3 ውስጥም በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3ኤል አለ፤ አንዳንድ ማሽን እሱን ካልሆነ አይቀበልም። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። እዚያ ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም።

መቀየር

ራሙ 4 ሆኖ የተበየደ፣ ማከማቻውም የተበየደ ኢኤምኤምሲ (ርካሽና ዘገምተኛ የማከማቻ ቺፕ) ከሆነ፣ መጨነቁን ተዉትና ቀይሩ። ሲፒዩው፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ ቀላል ሥራ ላይ ሁሌ 100 ፐርሰንት ከነካም እንዲሁ። ከዚያ በፊት ግን ማራገቢያውን አስጠርጉ፤ አቧራ ያፈነው ሲፒዩ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። በራሳቸው የሚነሱ ፕሮግራሞችንም ከታስክ ማናጀር አጥፉ። ሁለተኛው በነጻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ሲፒዩዎች በኩል ጥቂቶች ሲቀሩ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ያም ሆኖ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ለመልመድ ለማይሰንፍ ሰው፣ የ6ኛ ትውልድ ማሽን ከኤስኤስዲ ጋር ገና ብዙ ያገለግላል።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ንጽጽሩ ይቆይ። መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ።