ሐረጎን ያስረሳል የተባለው የአየር ቱቦ

ኮምቦልቻና ደሴ ያላችሁ የአይሱዙና የሲኖትራክ ባለቤቶች፣ ሾፌሮችም፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከላሜራና ከቧንቧ በብየዳ የተሠራ የአየር ማስገቢያ «ጉልበት ይጨምራል፣ ናፍጣ ይቆጥባል» እያሉ የሚገጥሙ ጋራዦች አሉ። ሾፌሩን የሚያጠምዱት በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ነው። «ጭነህ ሐረጎን ስትወጣ ማርሽ አትቀንስም» ይሉታል። ያንን ዳገት ጭኖ የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም። እኔ ግን አትግዙ እላለሁ።

ወንድሜ አይሱዙው ላይ ያስገጠመውን በዓይኔ አይቻለሁ። ዋናውን የፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ቤት አውጥተውታል። ከጋቢናው ኋላ ወደ ላይ ወጥቶ አየር የሚስበውንም ቱቦ አንስተውታል። በምትኩ አንድ ክብ ፊልትሮ በበየዱት ቧንቧ ጫፍ ላይ አስረው ከሞተሩ ጎን አስቀመጡት። መኪናው ሲነሳ ያገሳል። ድምፁን የሰማ ሁሉ ጉልበት የተጨመረ ይመስለዋል።

ጉልበት ግን ከድምፅ አይመጣም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ ነው መኪና ሽቅብ ሲወጣ የሚደክመው፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦም የሚያስፈልገው። ቧንቧ መቀየር ይህንን አይለውጥም። እንዲያውም ከሞተሩ ጎን የሚሳበው አየር የጋለ ነው። ከ30 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ክብደት 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አምራቹ የአየር መሳቢያውን ከጋቢና ኋላ ከፍ አድርጎ ያስቀመጠው ቀዝቃዛና ንጹሕ አየር ፍለጋ ነው።

በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ጉልበት የሚሰጠው የሚረጨው ናፍጣ ነው። ዋናው ፊልትሮ ንጹሕ ከሆነ ሞተሩ የሚበቃውን አየር ያገኛል። ትርፍ አየር ብቻውን መኪና አይገፋም። «እንግዲያው ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፕም ትንሽ እንክፈተው» ካሏችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጥቁር ጭስ ይመጣል፣ ናፍጣው ይበላል፣ ሙቀቱም ቱርቦና ፒስተን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የአቧራው ጉዳይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ቢያንስ 10,000 ሊትር ያህል አየር ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ መኪና በቀን ስንት አየር እንደሚስብ አስቡት። ያ አየር አፋር በረሃ ላይ ምን እንደሚመስል ለሾፌር አይነገርም። ዋናው ፊልትሮ በቤቱ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ስለሚቀመጥ አቧራ የሚሾልክበት ቀዳዳ የለም። በእጅ የተሠራው ላይ ግን ቧንቧው ወደ ሞተሩ ከሚሄደው የጎማ ቱቦ ጋር ልኩ አይገጥምም። በፋሸታ (በማሰሪያ ቀለበት) ቢጠበቅም ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። ከፊልትሮው በኋላ ትንሽ ክፍተት ካለ ሞተሩ በዚያ በኩል ያልተጣራ አየር ይስባል። የገባው አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ካሚቻውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር) እና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል።

ይህ ደግሞ በአንድ ቀን አይታይም። መጀመሪያ ዘይት መጉደል ይጀምራል። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል፣ ጠዋት ጠዋት ማስነሳት ይቸግራል። በመጨረሻ ሞተር ይወርዳል። ያን ጊዜ ቧንቧውን የሚጠረጥር ሰው አይኖርም። የገጠመው ሰውዬም «ሞተሩ ድሮም አርጅቶ ነበር» ይላችኋል። ለወንድሜ ያሉት ይህንኑ ነው።

ብየዳውም ራሱ አደጋ አለው። ቧንቧው ውስጥ የቀረ የብየዳ ፍንጣሪ ወይም የዝገት ቅርፊት በአየሩ ተስቦ ቱርቦው ውስጥ ይገባል። በደቂቃ ብዙ አስር ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ክንፍ ላይ ትንሿ ብረት ምን እንደምታደርግ መካኒክ ሁሉ ያውቃል። የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ የሚጠቀሙም አሉ። እሱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ሞተሩ ሲስብ ደግሞ ይጨማደዳል።

ገንዘቡንም አስቡት። ደረሰኝ የለም። ዋስትናው «አብሽር፣ እኔ አለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግን በምን ተገዛ፣ ማን ገጠመው ተብሎ ሲጠየቅ የሚታይ ወረቀት ያስፈልጋል።

መኪናችሁ ሐረጎ ላይ ከደከመ መጀመሪያ ፊልትሮውን አስፈትሹ። ፊልትሮው ቤት ላይ ወይም ቱቦው ላይ ጠቋሚ ካለና ቀይ ካሳየ ፊልትሮው ታፍኗል፤ በትክክለኛው ቁጥር አዲስ ግዙ። በኮምፕሬሰር በኃይል እየነፉ ማሰንበት ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ይህ በየጎሚስታው የለመድነው ነገር ነው። ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች ተሰንጥቀው እንደሆነም እዩ። እዚያ ላይ የሚያፏጭ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የጉልበት ማነስና የጥቁር ጭስ ምክንያት ነው። የናፍጣ ፊልትሮውንም አትርሱ።

አስገጥማችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ሞተር አጥፍታችሁ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ፍቱ፤ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ አቧራ ከታየ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ዋናው የፊልትሮ ቤት ይመለስ፣ ዘይቱም ይቀየር። ያንን የፊልትሮ ቤት «አሮጌ ነው፣ ለእኛ ተወው» ብለው አስቀርተውባችሁ ከሆነም ሳይሸጥ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።