የፕሬሽየስ ፕላስቲክ ማሽኖች ለሰፈር ወርክሾፕ ምን ያህል ይበጃሉ?

ሆላንዳዊው ንድፍ አውጪ ዴቭ ሃከንስ በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሬሽየስ ፕላስቲክ፣ ያገለገለ ፕላስቲክን በሰፈር ደረጃ ወደ አዲስ ዕቃ ለመቀየር የሚያስችሉ የማሽን ንድፎችን ለማንም ያለ ክፍያ ያቀርባል። ንድፎቹ የታሰቡት ለፋብሪካ ሳይሆን ለብየዳ ቤት መሆኑ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ነገር ነው፤ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች አብዛኛውን ክፍል ከላሜራ፣ ከቱቦና ከብሎን ሊሠሩት፣ ሲበላሽም ራሳቸው ሊጠግኑት ይችላሉ።

ከማሽኖቹ ሁሉ ለጀማሪ የምመርጠው ፕላስቲኩን በሚሞቅ ቱቦ ውስጥ አቅልጦ፣ በእጅ በሚሳብ ረጅም ዘንግ ወደ ሻጋታ የሚገፋውን ነው። ሞተር አይፈልግም፣ አሠራሩም በቀላሉ ይለመዳል። ሆኖም የምርቱን ጥራት የሚወስነው ሻጋታው ስለሆነ፣ ጥሩ ቶርኖ ቤት የሚጠይቀው ዋጋ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ፕላስቲኩን አስቀድሞ የሚያደቅቀው መፍጫ ማሽን ግን በችኮላ የሚሠራ አይደለም። በዝግታ፣ በደቂቃ 70 ዙር ገደማ፣ በከፍተኛ ጉልበት የሚዞሩት ቢላዎቹ እጅግ ተቀራርበው መግጠም ይኖርባቸዋል፤ ክፍተታቸው ከሰፋ ስስ ፕላስቲክ፣ በተለይም ፌስታል፣ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ያቆመዋል። ስለዚህ አቅሙ ያልደረሰ ማኅበር የተፈጨ ፕላስቲክ ከሌላ ቢገዛ ይሻለዋል። በምድጃ አሙቆ በክሪክ የሚጫነው ማሽን ደግሞ ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አልመክረውም።

በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የማሽኑ ሳይሆን የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። በየመንገዱ የሚጣለው የውኃ መያዣ፣ ሃይላንድ የምንለው፣ የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን እርጥበቱ አስቀድሞ በደንብ ካልወጣለት ምርቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ በእነዚህ ትንንሽ ማሽኖች መልካም ውጤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሃይላንዱ ክዳን፣ ጀሪካንና ባልዲ ግን በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጡ ተስማሚ ናቸው። ሃይላንዱን ሰብስቦ ለትላልቅ ፋብሪካዎች መሸጥና ወርክሾፑን በጀሪካንና በክዳን ማሠራት፣ በእኔ እምነት፣ ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ለሠራተኛው ጤና ደግሞ ፒቪሲ፣ ማለትም ለቧንቧ የሚውለው የፕላስቲክ ዓይነት፣ ፈጽሞ ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም፤ ሲግል ሳንባን የሚጎዳ የአሲድ ጋዝ ይለቃል። ለሌላውም ፕላስቲክ ቢሆን ጭሱን ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ የግድ ያስፈልጋል። የፕላስቲኩን ዓይነት የሚያሳየው የዕቃው ምልክት በጠፋ ጊዜ ቁራጩን አጥቦ ውኃ ውስጥ መጣል ይጠቅማል፦ የጀሪካንና የክዳን ፕላስቲክ ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲና የሃይላንዱ አካል ይሰጥማሉ፤ የሰጠመውን ሁሉ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል።