ከሲ ወደ ኤፍ፦ እጅን ማዝለል ወይስ አውራ ጣትን መትከል?

ጅማ ውስጥ ኪቦርድ ለሚጀምር ሰው የሚከብደው ኮርዱ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሳይሆን ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ሽግግሩ ነው። በቀኝ እጅ የሲ ኮርድን፣ ሲ-ኢ-ጂን፣ በ1፣ 3፣ 5 ጣት ይዘው (1 አውራ ጣት ነው) ወደ ኤፍ ኮርድ፣ ኤፍ-ኤ-ሲ፣ ቢዘሉ የእጁ ቅርጽ አይለወጥም፤ ለማስታወስ ይቀላል። ግን መላው እጅ 3 ነጭ ቁልፍ ይሻገራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ጣት ይስታል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

ሁለተኛው ይሻላል፦ አውራ ጣት ሲ ላይ ይቆያል፣ 3 ከኢ ወደ ኤፍ፣ 5 ከጂ ወደ ኤ ይሄዳሉ። ከሲ ወደ ጂ ኮርድ (ቢ-ዲ-ጂ) ሲሆን ደግሞ ትንሿ ጣት ጂን አትለቅም፤ አውራ ጣት ወደ ቢ ይወርዳል። ዲን በ2 ጣት ይያዙ፤ በ3 ከሆነ የእጅ አንጓ ሊጠማዘዝ ይችላል። አንድ ጉድለት አለው፦ የኤፍ ኮርድ ታችኛ ድምፅ ሲ ስለሚሆን፣ ቤዝ (ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ) ተጫዋች ከሌለ ግራ እጅ ኤፍን ይምታ።